ስለ «አዞው» ድስትና ስለ ተወሰደው ጡሩምባ

ለክቡር ጋሽ ተክለወልድ ደግፌ
የኩልፎ ማዶ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ወር በአደባባይ ከተለፈፈው ሞትዎ ወዲህ ያለው አጠቃላይ ጤንነትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደክሞናል እንጂ ደህና ነን።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት በታላቅ ትሕትና አንድ ኃጢአት መናዘዝ ይኖርብኛል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የጠፋው፣ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ የተሰበሰበበት፣ በጸሎት ቤትም በስሙ ጾም ሊታወጅበት ምንም ያልቀረው የትልቁ ድስት ክዳን ያለው እኔ ጋ ነው። እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር ነበር። አሁን ጉልበቴ ላይ ነው፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ወረቀቱን በእሱ ላይ ዘርግቼ ነው። ከትምህርት ቤታችን ጠረጴዛ ይሻላል፣ አይወዛወዝም። የምናዘዘው ሕሊናዬ ስለ ከበደኝ አይደለም። በእሑዱ ስብሰባ «አቶ ኤርጫፎ የእድሩን ክዳን ስለ መሰወራቸው፣ በሕይወት ያለ አባል ሞቷል ብለው ስለ መለፈፋቸውና ከአባልነት ስለ መሰረዛቸው» የሚል አጀንዳ መያዙን ስለ ሰማሁ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ላቃልልዎ ብዬ ነው። ክዳኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አያቴ አይደሉም።

እኔ ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ያህል፣ የአቶ ኤርጫፎ የልጅ ልጅ ነኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ «አንቺ ልጅ!» ተብሎ ሲጠራ፣ ከሃያ ልጅ መካከል ተነሥታ ወደ ድስቱ የምትሄደዋ ማለት ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በእድሩ እቃ ቤት በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለአላፊ አግዳሚው ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

አያቴ ከገረሴ ወርደው ይህን ከተማ ከረገጡ ጀምሮ የእድራችን ለፋፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከላይ ከአስፋልቱ እስከ ታች እስከ ሙዝ ማሳው ድረስ እየነፉ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ፣ ድንኳን ጣዩን ይቀሰቅሳሉ። እናቴ እንደምትለው ድምፃቸው ያለ ጡሩምባም ይበቃ ነበር፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰፈሩ ነጠላውን ይፈልግ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ አሁን ስም። እናቴን «እህቴ» ይሏታል፤ አባቴን «አንተ ሾፌር»፤ እኔን ደግሞ «ሻሺቱ»። ሻሺቱ ልጆች ሳሉ ገረሴ የሞተችባቸው ታናሽ እህታቸው ናት። ሐኪሙ «አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም» አለን።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ታዲያ አያቴ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጡሩምባቸውን ይዘው ወጡ። «የኩልፎ ማዶ ሰው ሆይ! ተክለወልድ ደግፌ አርፏል! ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው! ድንኳን ጣይ ተነሥ!» ክቡርነትዎ በዚያች ሰዓት ጓሮ ቆመው ጥርስዎን እየፋቁ እንደነበር ከታማኝ ምንጮች ሰምቻለሁ። ሰዉ ግን አመነ። ድንኳኑ በራፍዎ ላይ ተወጠረ፣ ድስቱ ተጣደ፣ ሙሾ አውራጇ ጉሮሮዋን ጠረገች። እርስዎ መፋቂያዎን እንደ ነከሱ በሩን ከፍተው «ማን ሞተ?» ሲሉ ሁለት ሴቶች ወደቁ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ግን አልወደቁም። «ባቄላው እኮ በስሏል» ነው ያሉት። ንፍሮው ለሰው ታደለ፣ እርስዎም ሳያቅማሙ በሉ። በራሱ ለቅሶ ላይ ንፍሮ የዘገነ ሊቀመንበር በዞናችን ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ እንኳን ደስ አለዎ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ስለ ድስቱ። በቅድሚያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሌሎች እድሮች እንደ ሰው ከሱቅ ድስት ሲገዙ፣ እርስዎ «የራሳችንን እናስቀልጣለን፤ ሁሉም ከቤቱ የማይፈልገውን ብረት ያምጣ» ብለው ያመጡት ሐሳብ በብልኀቱ ዛሬም ይነሣል። እውነትም የቀረ ቤት አልነበረም። ከአባያ የተቃጠለ የጀልባ ሞተር መጣ። ከአሮጌ የዓሣ መረብ ላይ የእርሳስ ማጥለቂያ ተፈትቶ መጣ፤ ተማሪ የሚጽፍበትን እርሳስ ሳይሆን ለስላሳውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ከኩልፎ ዳር የውሃ ፓምፕ ስብርባሪ፣ የመኪና ራዲያተር፣ የመስኮት ፍሬም መጣ። አያቴም የተሰነጠቀውን የመጀመሪያ ጡሩምባቸውን ሰጡ። ሁሉም በአንድ እሳት ቀልጦ ድስትና ክዳን ሆነ፤ አፉ ከመስፋቱ የተነሣ «አዞው» ተባለ።

የብልኀቱ ጥልቀት የገባኝ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቤት ውስጡ ስላለበት፣ አዞውን መንቀፍ ሰፈሩን በሙሉ መስደብ ሆኖ ቀረ። አስፋልት ላይ ቢወጣ ኖሮ የመኪና ቴክኒክ ምርመራ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ በቲማቲምና በሎሚ ወጥ ይሠራበታል።

እኔ አዞውን ማጠብ ከጀመርኩ ጀምሮ አሸዋና የሽቦ መፈግፈጊያ ነው የሚሰጠኝ። ውስጡን ስፈገፍገው ግራጫ ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛው ውሃም ግራጫ ነው፣ ሦስተኛውም። ወይዘሮ ዓለምጸሐይን ብጠይቃቸው «ጥላሸት ነው» አሉኝ። ጥላሸት እኮ በውጭ በኩል ነው ብላቸው «አንቺ ልጅ፣ እጠቢ ነው የተባልሽው፣ መርምሪ ማን አለሽ?» አሉኝ። አሸዋዬን አንሥቼ እስከ ዛሬ ሳጥብ ኖሬአለሁ።

፪. ስለ ማስረጃ። አያቴ መርሳት ሲጀምሩ የእድሩ ሽማግሌዎች ምክንያቱን በማግኘት ረገድ ያሳዩት ቅልጥፍና የሚያስቀና ነው። ሻይ ሳይቀርብ ተገኘ። ጎሜ ነው ተባለ፤ ነውር በሠራ ወይም የሰው ወሰን በገፋ ላይ የሚወርድ መቅሰፍት። ሁላችሁም እሑድ እሑድ «እኛ አማኞች ነን፣ ጎሜ የሚባል ነገር የለም» ትላላችሁ። ሰኞ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጉና ጎሜ ይኖራል። አንዱ «ገረሴ ሳለ የማንን ድንበር ገፍቶ ይሆን?» አለ፤ ሌላው «ባይገፋማ እንዲህ አይሆንም» ብሎ ዘጋው። ለዚህ ናሙና አልተወሰደም፣ ላቦራቶሪ አልተላከም፣ ገረሴ ድረስ ስልክ እንኳ አልተደወለም።

እኔ ግን ድፍረት ይሁንብኝና «ድስቱ ይመርመር» ብል፣ ክቡርነትዎ መነጽርዎን አውልቀው «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። በሰው ላይ ለመፍረድ ሹክሹክታ የሚበቃበት፣ በድስት ላይ ለመፍረድ ግን ሳይንስ የሚጠየቅበት ሰፈር ውስጥ በማደጌ ብዙ ተምሬአለሁ። አመሰግናለሁ።

፫. ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሄድኩ። በእናቴ በኩል የአክስቴ ልጅ የሆነው ኤፍሬም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ይማራል። ክዳኑን በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩለት። ሾፌሩ «ምን ተሸክመሽ ነው?» ቢለኝ «የእድር ጉዳይ ነው» አልኩት፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሂሳብ አልቀበልም አለ። (ይህንንም በኑዛዜዬ ላይ ይደምሩልኝ።) ኤፍሬም ከመምህሩ ጋር ሆኖ ክዳኑን ገልብጦ የሎሚ ውሃ አፈላበት፣ ውሃውንም መረመሩት። እርሳስ ተገኘ፤ በምግብ ዕቃ ላይ ይቅርና አጠገቡም መድረስ የሌለበት ያህል። አሉሚኒየሙማ ያው ድስቱ ራሱ ነው፤ ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ይበልጥ ይለቃል አሉ።

እኔ በደስታ ብድግ ብዬ «በቃ! አያቴን ያሳመማቸው አዞው ነው!» አልኩ። ኤፍሬም «ቁጭ በይ» አለኝ።

እርሳስ አንጎልን እንደሚጎዳ፣ በተለይ የሕፃናትን፣ ማንም አይከራከርም አለ። አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በእርጅና ወደ ደም ሊመለስም ይችላል አለ። ወደ አልዛይመር ሲመጣ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልጨረሱም። አሉሚኒየምን በሕሙማን አንጎል ውስጥ አገኘን የሚሉ አሉ፤ መገኘቱ በሽታውን አመጣ ማለት አይደለም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ የደም ግፊት አለ። ደግሞም አያትሽ ይህ ድስት ሳይወለድ በፊት ጋራዥ ውስጥ ራዲያተር በእርሳስ ሲበይዱ ነው የኖሩት አለኝ። «በ‹ሊሆን ይችላል› እና በ‹ነው› መካከል ያለው መንገድ ከገረሴ ዳገት ይረዝማል። በድስቱ ምግብ እንዳይሠራ ንገሪ። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም፤ አንቺም የምታውቂ አትምሰዪ።»

ክቡር ሆይ፣ «አላውቅም» የሚል የተማረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በእድራችን እንዲህ ያለ ቃል ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ለጊዜው የታመመ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ ደከመኝ። የፈለግሁት ወንጀለኛ ነበር፤ ያገኘሁት ተጠርጣሪ ነው። አያቴን ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው ምናልባት መቼም አላውቅም። አዞው ሊሆን ይችላል፣ ራዲያተሩ ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ብቻም ሊሆን ይችላል። ጎሜ ብቻ ነው በእርግጠኝነት የሚታወቀው፣ ያውም በእናንተ ዘንድ።

፬. ውጤቱን፣ ከክዳኑ የተገኘ መሆኑን ሳልናገር፣ ለኮሚቴው ባቀርብ ክቡርነትዎ «እኛ በአዞው በልተን ነው ሰማንያ የደረስነው» አሉኝ፤ ቤቱም በጭብጨባ ተቀበለው። እንዳላቋርጥዎ ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ፣ አዞው ቀልጦ የተሠራው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሰባ አራቱን ዓመት የበላችሁት በሸክላ ድስት ነው። ሒሳቡን በድጋሚ ቢሠሩት ምስጋናው ለሸክላ ሠሪዎች ይደርስ ነበር፤ እነሱን ደግሞ በእድሩ ማዕድ አብራችሁ ስታስቀምጡ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፣ ነገር ግን ደከመኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለቅሶ ቤት መጀመሪያ የሚበላው ሕፃን ነው። ተሰልፈው ሳህን የሚዘረጉትን ጥርስ የሌላቸውን ይመልከቷቸው። ስለ ሽማግሌ አንጎል ኤፍሬም አላውቅም ብሏል። ስለ እነሱ አንጎል ግን አላውቅም አላለም።

፭. ስለ ጡሩምባው። ከሁሉ ያደከመኝ ይህ ነው።

በሞትዎ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የለቅሶዎ ንፍሮ ገና ከሆድዎ ሳይጠፋ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ልከው «የእድሩ ንብረት ነው» አስብለው ጡሩምባውን ከአያቴ እጅ ወሰዱ። ንብረትነቱ እውነት ነው፤ በሕጋችሁ አልከራከርም። አያቴ ግን መወሰዱን ረስተውታል። በየማለዳው ይነሡና ይፈልጉታል፤ አልጋ ሥር፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ቀን ደግሞ የምትታቀፈውን ዶሮ አስነሥተው ከሥሯ። «ሰው ሞቶ እኔ እዚህ ተኝቻለሁ» ይላሉ። እናቴ «ማንም አልሞተም አባባ፣ ይረፉ» ትላቸዋለች። ትናንት ምን እንደመለሱላት ልንገርዎ። «ታዲያ ሰፈሩ ለምን ዝም አለ?» ነው ያሏት።   እርስዎ መልስ ካለዎ በእሑዱ ስብሰባ ቢያስረዱን።

እንግዲህ አጀንዳው ከአባልነት መሰረዝ ነው። ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ከሌላ አገር ለመጣ ተማሪ ትርጉሙን ላስረዳ። አንድ ሰው ከእድር ሲሰረዝ፣ የሞተ ቀን ድንኳን አይተከልለትም፣ ወንበር አይወጣለትም፣ ቀባሪ አይጠራለትም። አያቴ የዚህን ሰፈር ሟች ሁሉ፣ የእርስዎን አባት፣ የእርስዎን ባለቤት ጭምር፣ በጨለማ ወጥተው በስማቸው ጠርተዋል። የእናንተ ውሳኔ ከጸደቀ ግን እሳቸው በሚሞቱ ቀን ስማቸውን የሚጠራ አይኖርም ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ እንደ ቀልድ የጻፍኩት ይህን እንደ ቀልድ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ሆኜ የምለምነው ጥቂት ነው። አያቴ በአባልነታቸው ይቆዩ። ጡሩምባውን ማለዳ ማለዳ ለሚነፋ ወጣት ስጡት፣ አልቃወምም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቤታችን አምጥቶ ከአያቴ እጅ በወግ ይረከበው፣ ምርቃትም ይቀበል፤ ተቀሙ ሳይሆን አስረከቡ ይባል። አዞው ደግሞ ከእሳት ይውረድ። አትጣሉት፤ የየቤታችሁ ትዝታ አለበት። ጸሎት ቤቱ ግቢ አፈር ሙሉትና አበባ ትከሉበት። አበባ እንደሆነ የሚረሳው ነገር የለውም።

በተረፈ የኮሚቴው አባላት ጊዜያችሁን ሰውታችሁ እኔን ዝም ለማሰኘት ላደረጋችሁት ያላሰለሰ ጥረት፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ለሰጡኝ የሽቦ መፈግፈጊያ፣ ክቡርነትዎም «የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላቱን የበላው ስልክ ነው» በማለት ለሰጡኝ ነፃ የሕክምና ምርመራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉልበትዎ ይጽና፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ሞትዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲለፈፍ እውነት እስኪሆን ድረስ ረጅም ዘመን ይስጥዎ።

ከማይለወጥ አክብሮት፣ ከታጠበ ክዳንና ከደከመ ክንድ ጋር፣

ያቺ «አንቺ ልጅ» የምትባለው

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ዘንግቼ። በዚያ ማለዳ ስለ ደረሰብዎ ውርደት ኮሚቴው ብዙ ተናግሯል። እኔ ሌላ ነገር ነው ያስተዋልኩት። አያቴ የወለዱትን ልጅ ስም ረስተዋል፣ ምራታቸውን ረስተዋል፣ እኔን ከረሱኝ ወራት አልፈዋል። በዚያ ማለዳ ግን ከነአባትዎ፣ ሳይደናቀፉ፣ የጠሩት የእርስዎን ስም ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው ስም እሳቸው ዘንድ የተረፈው የእርስዎ ነው። እሑድ ዕለት የሚሰርዙት ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ግን፣ በተለጠፈው አጀንዳ ላይ የአባታቸውን ስም በስሕተት ጽፋችሁታልና፣ እባክዎ ከመሰረዛችሁ በፊት

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥ ነው። አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ክዳኑን ጉልበቴ ላይ አይተውታል። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ እንደገና እሱን አዩ። ሁለት መዳፋቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጡሩምባ ከበቡና የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ጠሩኝ።

«ዕድላዊት በርናባስ!»

ሻሺቱ አላሉም።

በዚህ ድምፅ ስም ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤ ከማዶ በር ሲከፈት፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይም «ውይ፣ ያቺ ልጅ!» ሲሉ ይሰማኛል። ለለቅሶዬ አዞውን ሳይጥዱት ቶሎ ወጥቼ «አቤት!» ማለት አለብኝ።